አባቴን «አጥንትዎ አልቋል» አሏቸው፤ ጥርስ ለመትከል አጥንት ያስሞላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ

የጨሞጋ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ከረማችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው፣ 61 ዓመታቸው ነው። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶቻቸው ከሄዱ 12 ዓመት ሆናቸው። ድዳቸው ይደማ ነበር፣ ጥርሱ ተነቃነቀ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ለቀቀ። ያኔ ተነቃይ ሰው ሰራሽ ጥርስ አሠራንላቸውና መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ላላ። ዜማ ከፍ ሲያደርጉ ከቦታው ይወርዳል። ተማሪዎቹ ጨዋ ስለሆኑ መሬት መሬት ያያሉ፣ እኔ ግን ልጅ ነኝና ያመኛል። «ፈ» የምትባለው ፊደል በላይ ጥርስና በታች ከንፈር መካከል ነው የምትወጣው። ለእኔና ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፤ አንዲት ፊደል ለሚያርም መምህር ግን ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ወስጄ አሳየኋቸው። ሐኪሙ ድዳቸውን በጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ «አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ሆኗል፣ እንዲሁ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ጥርስ ሥር) አይቀበልም፣ መጀመሪያ አጥንት መሙላት አለብን» አለ። ግማሽ ዓመት መጠበቅ፣ ከዚያ መትከል፣ ከዚያ እንደገና ወራት መጠበቅ። የሚሞላው ከላም አጥንት የተሠራ ነው አለን።

አባቴ ዝም አሉ። ዓባይ በረሃን ወርደን እስክንወጣ ዝም። ደጀን ስንደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የላም ነው ያለው?» አዎ አልኳቸው። «በጾምስ?»

መልስ አልነበረኝም። እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ። ይሄ ነገር እውነት ይሠራል? በ61 ዓመት አይከብድም? የጾሙንስ ጉዳይ ያጋጠመው ሰው አለ?

---

ሞጣ ቀራንዮ

ወንድሜ ገንዘብህን ያዝ። ድሮ ጥርስ በጉጠት ነበር የሚነቀለው፣ ማንም አጥንት ሲሞላ አላየንም። አያቴ በባዶ ድዳቸው ቆሎ ይሉ ነበር። ዛሬ ዛሬ ክሊኒኩ ሁሉ ኢምፕላንት ኢምፕላንት ይላል፣ ምክንያቱ ይገባሃል። ከጎን ያሉት ጥርሶች የሚሸከሙትን ብሪጅ አሠራላቸውና ገላግላቸው።

---

ሐኪም ከጣና ዳር

የጨሞጋ ልጅ፣ አባትህን እግዜር ያቆይልህ። የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሳላያቸው ይህን አድርጉ አልልም፤ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

ጥርስ የሚይዘው የመንጋጋ አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው። ስናኝክ በጥርሱ ሥር በኩል ግፊት ይደርሰዋል፣ በዚያ ነው ሥራ እንዳለው የሚያውቀው። ጥርሱ ከወጣ ሥራ ፈታ ማለት ነው፤ ሰውነት ደግሞ ሥራ የፈታ አጥንት አይቀልብም። ጥርስ በተነቀለ በአንድ ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፣ አብዛኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው የሚሄደው። የፊት ጥርስ ላይ በከንፈር በኩል ያለው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ስስ ነው፤ ቀድሞ የሚናደውም እሱ ነው። ዳገት ላይ ያለ ዛፍ ነቅለህ እርከን ሳትሠራ ብትተወው አፈሩን ማን እንደሚወስደው ጎጃሜ ይነገረዋል እንዴ?

ተነቃዩ ጥርስ ይህን አያቆመውም። ድዱ ላይ ስለሚጫን ጭራሽ ያፋጥነዋል። ለዚህ ነው ያኔ ልክክ ያለው ዛሬ የላላው፤ ጥርሱ አልተለወጠም፣ ከሥሩ ያለው መሬት ነው የሸሸው።

አሁን ስለ ልኩ። ለፊት የሚሆን ኢምፕላንት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ዙሪያውን ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል እንበል። «እንደ ቢላ ስለት» የተባለው አጥንት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በጣት ቆንጥጦ መገመት ግን አይበቃም፤ ድዱ ራሱ ወፍራም ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ ሲቲ፣ አጥንቱን በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳየውን ራጅ፣ አንስተዋል? ካላነሱ ሌላው ወሬ ሁሉ ይቆይ።

መሙያው አራት ዓይነት ነው። የራስ አጥንት አለ፣ ከታችኛው መንጋጋ ጀርባ ወይም ከአገጭ ይወሰዳል። ከሞተ ሰው በስጦታ የተገኘና የተጣራ አለ። ከከብት የሚሠራ አለ። በፋብሪካ የሚሠራም አለ፣ ከካልሲየምና ከፎስፌት። የከብቱ ሥጋም ደምም ስብም የለውም፤ በከፍተኛ ሙቀትና በኬሚካል ሁሉም ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ ነው የሚቀረው። አጥንት ሆኖ አይቀጥልም፣ መወጣጫ ነው። ግንብ ሲሠራ የባሕር ዛፍ እንጨት አቁመን እንደምንወጣበት፣ የራሳቸው ሕዋሶች እሱ ላይ ተንጠላጥለው የራሳቸውን አጥንት ይሠራሉ። የጾሙን ነገር የንስሐ አባታቸው ይመልሱ፣ እኔ ማዕድን መሆኑን ብቻ ነው የምመሰክረው።

ሞጣ ቀራንዮ፣ በአንድ ነገር ልክ ነህ። አራቱ የፊት ጥርሶች ብቻ ከጠፉና ግራና ቀኝ ያሉት ክራንቻዎች ጠንካራ ከሆኑ ብሪጅ እውነተኛ አማራጭ ነው፣ አጥንት መሙላትም አይጠይቅም። ችግሩ እሳቸው ጥርሳቸውን ያጡት በድድ በሽታ ነው። ክራንቻዎቹ ከተነቃነቁ ስድስት ጥርስ ማሸከም አይቻልም። ይህንንም ይጠይቁ። የድድ በሽታው አሁንም ካለ ደግሞ ማንኛውም ነገር ከመሠራቱ በፊት መታከም አለበት፤ ኢምፕላንቱንም ያንኑ ያደርገዋል።

---

ፈረሰኛው እንጅባራ

እኔ አስሞልቻለሁ። ከፈረስ ወድቄ ሁለት የፊት ጥርሴ ከነአጥንቱ ነው የሄደው። (ፈረሱ ምንም አልሆነም፣ ለሚጨነቅ ሰው።)

ለእኔ የራሴን አጥንት ነው የወሰዱት፣ ከታች ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ጀርባ። እንደ ትንሽ ስኳር ቁራጭ ያለች ናት፤ ከፊት ለፊት ለጥፈው በሁለት ጥቃቅን ብሎኖች አሰሯት። እውነቱን ልንገርህ፣ ያስቸገረኝ የተለጠፈበት ሳይሆን የተወሰደበት ነው። ጉንጬ አብጦ አንድ ሳምንት አፌን በደንብ አልከፈትኩም። ከንፈሬም ለትንሽ ጊዜ ደንዝዞ ነበር፣ በኋላ ተመለሰልኝ። አምስት ወር ጠበቅሁ። ከዚያ ከፍተው ብሎኖቹን አወጡና በዚያው ቀን ኢምፕላንቱን ተከሉ። እንደገና አራት ወር። ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ላይ ዳር ቆሜ ሳጨበጭብ ዋልኩ፣ ይሄ ከሕመሙ ይበልጥ ነበር።

አሁን ቆሎ እበላለሁ። ቆሎውን ግን በጎን።

---

ቡሬ በርበሬ

እኔ ደግሞ ላይ ከኋላ ነው። ሁለት የላይ መንጋጋ ጥርስ ከተነቀልኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከላይ አፍንጫ አጠገብ ሳይነስ የሚባል አየር ያለበት ክፍተት አለ፤ ጥርሱ ሲጠፋ ወለሉ እየወረደ ይመጣል አሉኝ። እና 3 ሚሊ ሜትር አጥንት ብቻ ቀርቶኛል። በጎን በኩል ትንሽ መስኮት ከፍተው፣ የውስጡን ስስ ቆዳ ቀስ ብለው ወደ ላይ አንስተው ከሥሩ ሞሉት። ሳይነስ ማንሳት ይሉታል። ሰባት ወር አስጠበቁኝ።

ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። «አፍንጫሽን አትናፈጪ፣ ስታስነጥሺ አፍሽን ከፍተሽ አስነጥሺ፣ በስትሮ አትጠጪ፣ አውሮፕላን አትሳፈሪ» ብለው ወረቀት ሰጡኝ። አውሮፕላን! እኔ ከቡሬ ባሕር ዳር በሚኒባስ ነው የምሄደው። ቤት ገባሁ፣ በሦስተኛው ቀን ቡና ላፈላ ከሰሉ እምቢ አለኝ፣ ጎንበስ ብዬ እፍ ስል ነው ትዝ ያለኝ። እፍ ማለት እኮ ከመናፈጥ እኩል ነው! ደንግጬ ስልክ ደወልኩ። ሐኪሟ ሳቀችና «ይሄንን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረብን» አለችኝ። ደግነቱ ምንም አልሆነም። እንግዲህ የጎጃም ሴቶች፣ እሳቱን ሌላ ሰው ያንድድላችሁ።

---

ሐኪም ከጣና ዳር

ቡሬ በርበሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለታካሚዎቼ እፍን እነግራለሁ። ዋሽንት የሚነፉትንም እጨምራለሁ።

---

ዳንግላ ገበያ

ሰላም ለሁላችሁ። የጨሞጋ ልጅ፣ የአባትህ ጥያቄ የእኔም ነበር። በሌላ በኩል ቢሆንም። እኔ ሙስሊም ነኝ። ላሙ አላስጨነቀኝም። አጥንቱ ላይ የሚደረበው ስስ ሽፋን፣ ሜምብሬን የሚሉት፣ እሱ ከአሳማ የተሠራ ሊሆን ይችላል ሲባል ግን ተነሣሁ። በአጋጣሚ ነው የሰማሁት፣ ነርሷ ስታወራ። ሐኪሙን «ለምን አትነግረኝም?» ብለው «ማንም አይጠይቅም» አለኝ። ማን ይጠይቃል፣ ማንስ ያውቃል?

ኢማማችንን ጠየቅሁ፣ አማራጭ ካለ አማራጩን ውሰድ አሉኝ። አማራጭ ነበረ፤ ከከብት የሚሠራ ሽፋን አለ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አስመጡልኝ። ለክርስቲያኖቹም የሚመለከታችሁ ይመስለኛል፣ እናንተም አሳማ አትበሉም። አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ወንበሩ ላይ ተኝታችሁ አፋችሁ ከተከፈተ በኋላ አይጠየቅም።

---

ሐኪም ከጣና ዳር

ዳንግላ ገበያ ያለው ትክክል ነው። ጥፋቱም የእኛ የሐኪሞች ነው። ሽፋኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ልጨምር። ድድ ከአጥንት ፈጥኖ ነው የሚያድገው። ክፍት ከተተወ ድዱ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን ይይዛል፣ አጥንቱ ሲመጣ ቦታ የለም። ሽፋኑ አጥር ነው፤ ችግኝ ከብት እንዳይበላው እንደምናጥረው። አብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ከአሳማም ከከብትም ይሠራል፣ በወራት ውስጥ ራሱ ይሟሟል።

---

ደጀን በረሃ

የሁሉ ሰው ጥሩ ጥሩ ሆነ፣ የእኔን ደግሞ ስሙ።

እኔ ጋ አልያዘም። ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ሄድኩ፣ ሲቲ የለ ምን የለ፣ ተራ ራጅ አንስተው «ትንሽ ነው የሚጎድለው» ብለው ሞሉት። ይህ የእነሱ ነው። የእኔ ደግሞ አለ። ሲጋራ አጨሳለሁ፣ «አቁም» ተብያለሁ፣ አራት ቀን አቆምኩ። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አረቄ ቤት ገባሁ። በአሥረኛው ቀን ስፌቱ ተከፈተ፣ ምላሴ ላይ እንደ አሸዋ ያለ ነገር አገኘሁ። መጀመሪያ ምስሩ በደንብ አልተለቀመም ብዬ ሚስቴን ተቆጣሁ። ለካ ብዙ ብር የከፈልኩበት አጥንት ነው! ምግብ ነው ብዬ ስንቱን ዋጥኩት መሰላችሁ።

ከዚያ መግል ያዘ፣ ጠራርገው አወጡት። ከበፊቱ ባሰ እንጂ አልተሻለም። አሁን ካቆምኩ ስምንት ወሬ ነው (ሲጋራውን)፣ ሌላ ቦታ እንደገና ልሞክር ነው።

---

ሞጣ ቀራንዮ

አላልኳችሁም?

---

ደጀን በረሃ

ጋሼ እርስዎማ ብሪጅ ነው ያሉት፣ ሲጋራ አላሉም።

---

እናቴን ከብቸና

ዶክተር ካሉ አንድ ጥያቄ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ለአጥንት መሳሳት ደግሞ በሳምንት አንዴ የምትውጠው ኪኒን አለ። እሷም ታች ሁለት ጥርስ ትፈልጋለች። የአጥንት መድኃኒት ስለምትወስድ መንጋጋዋ ጠንካራ ነው ብለን ደስ ብሎን ነበር። እንደዚያ ነው?

---

ሐኪም ከጣና ዳር

እህቴ፣ ነገሩ ተቃራኒ ሊሆን ስለሚችል ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች አጥንት ራሱን የሚያድስበትን ሥራ ያዘገያሉ። መንጋጋ ላይ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ አልፎ አልፎ ቁስሉ አልድን ብሎ አጥንቱ ሊሞት ይችላል። በኪኒን ለሚወስዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ለካንሰር በደም ሥር ለሚወስዱት ስጋቱ ይበልጣል። ግን ኪኒኑን ራሳችሁ አታቁሙ። መያዣውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የጥርሱና ያዘዘላት ሐኪም ይነጋገሩ።

ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ከሆነ አይከለክልም። የዕለቱን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የሚያሳየውን የደም ምርመራ ያሠሩላት። ከፍ ካለ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። የተሞላ አጥንት ችኩል ሰው አይወድም።

---

ፈረሰኛው እንጅባራ

እኔ ጋ ደግሞ ከክንዴ ደም ቀድተው በማሽን አሽከርክረው እንደ እርጎ የረጋ ነገር አወጡና ቁስሉ ላይ ጨመሩበት። እሱስ ምንድን ነው? ተጨማሪ አስከፍለውኛል።

---

ሐኪም ከጣና ዳር

የራስህ ደም ነው፣ ቁስል የሚያድኑት ክፍሎች ተለይተው። የድዱን መዳን ያግዛል። ብቻውን ግን ብዙ አጥንት አይሠራም። «በደምህ ብቻ አጥንት እናበቅላለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

---

የጨሞጋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ መንገዱም ኔትወርኩም እንደምታውቁት ነው። ዜናው ይሄው።

ሲቲ ተነሡ። ስፋቱ በጠባቡ ቦታ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ በቂ ነው። ክራንቻዎቹ አንዱ ደህና ነው፣ ሌላኛው ይነቃነቃል፣ ስለዚህ ብሪጁ ቀረ። (ሞጣ ቀራንዮ፣ ጠይቄያለሁ፣ አይቀየሙኝ።) ድዳቸው ታጠበ። የታቀደው ሁለት ኢምፕላንት ነው፣ አራቱን ጥርስ እነሱ ይሸከማሉ። ከመሙያው ትንሽ ከራሳቸው፣ ትንሽ ከከብቱ ይቀላቀላል፣ ሽፋኑም የከብት እንዲሆን ነግረናል።

የጾሙን ነገር የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። መልሱን ለእኔ አልነገሩኝም፣ ብቻ ፈገግ ብለው ተመለሱ። ማታ ለእናቴ «ላሟ ከኔ በፊት ጾማለች» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግን ያላሰብነው ነገር መጣ። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተነቃዩን ጥርስ አታድርጉ አለ። ከላይ ከተጫነው የተሞላው ይሸሻል፣ ስፌቱም ይከፈታል። ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ባዶ አፍ፣ ከዚያም ከሥሩ ተፍቆ ድዱን እንዳይነካ ተደርጎ ብቻ። አባቴ ደግሞ አንድ ቀን ያለዚያ ጥርስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አያውቁም። «ታዲያ ያን ሁሉ ሳምንት በምን ላስተምር?» አሉት። እስከዛሬ ካየሁት ሁሉ የተደናገጡት ያኔ ነው። ግማሽ ዓመት መጠበቁ፣ መርፌው፣ ገንዘቡ ምንም አላላቸውም።

ሁዳዴ ደግሞ ደረሰ፣ ጾመ ድጓ የሚባልበት ነው። ዶክተር፣ ሌላ መላ የለም?

---

ሐኪም ከጣና ዳር

መላ አለ፣ ግን ድዱ ላይ ጥርስ መጫን የለበትም። ከአጠገቡ ያሉት ጠንካራ ጥርሶች ላይ የሚለጠፍ ጊዜያዊ ጥርስ ሊሠራ ይችላል፣ ድዱን ሳይነካ። አንደኛው ክራንቻ ስለሚነቃነቅ ከእሱ ወዲያ ያሉትን መያዝ ይጠይቃል። ወይም ሙሉውን የጥርስ ረድፍ የሚያለብስ ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ተሠርቶ ውስጡ አራቱ ጥርስ ይደረጋሉ። ክብደቱ ሌሎቹ ጥርሶች ላይ ያርፋል። ለመብላት አይሆንም፣ ለመናገር ይሆናል። ዜማውን ግን እሞክረዋለሁ እንጂ ዋስ አልሆንም።

የሚቸኩልም ነገር የለም። 12 ዓመት የጠበቀ አጥንት ለሁለት ወር አይሸሽም። ከትንሣኤ በኋላ ይሁን። ስፌት ለማስፈታት ግን አዲስ አበባ ድረስ አትንከራተቱ፣ ሐኪማቸው ከፈቀደ እዚያው ደብረ ማርቆስ ያለ የጥርስ ሐኪም ይፈታላቸዋል።

ደግሞ አንድ ነገር ለሁላችሁም። ጥርስ ልትነቀሉ ቀጠሮ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከመነቀላችሁ በፊት «ጉድጓዱ ይሞላ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ግድግዳው ቆሟል፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ሁሉም ሰው አያስፈልገውም፣ ግን ጥያቄው ነጻ ነው። አጥንት ከቲታኒየም ጋር እንደሚዋሐድ ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1952 ጥንቸል ላይ በአጋጣሚ ነው ያስተዋለው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተከለለት የመጀመሪያው ታካሚ እስከሞተበት እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ በዚያው ነው የበላው። አጥንቱ ካለ ማለት ነው።

---

ቡሬ በርበሬ

ለመምህሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለብ ያለ አጥሚት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቀጭን ሽሮ፣ የበሰለ ድንች። በርበሬ ለጊዜው አይቅመሱ፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ የቡሬዋ። ተልባ ጥሩ ነበር፣ ግን ፍሬው ስፌት ውስጥ ይገባል፣ በደንብ ይጠለል።

---

ዳንግላ ገበያ

ከትንሣኤ በኋላ ከሆነ ወተቱም እንቁላሉም ይፈቀድላቸዋል፣ ለቁስል ጥሩ ነው። ቀኑን አሳምረው ነው የመረጡት።

---

የጨሞጋ ልጅ

ነገርኳቸው። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ቀጠሮ ያዝን። ያን ግልጹን ሽፋን ሠርተውላቸው ትናንት ሞከሩት፣ አሁን እንዲለምዱት ተብሎ። መስታወት አላዩም። ቆመው «ፈ፣ ፉ፣ ፊ» እያሉ ፊደል ቆጠሩ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ትንሽ አዜሙ። «ሰ» ትንሽ ታፏጫለች። «ፈ» ግን አለች።